የተቆጠበው ገንዘብ የት ገባ? የአእምሮ ሕሙማን የሕክምና ወጪ በአሜሪካ የመንግሥት መድን

በዩናይትድ ስቴትስ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ ሰዎች፣ አካል ጉዳተኞች እንዲሁም ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው በርካታ ነዋሪዎች የሚታከሙት ሜዲኬይድ በተባለው የመንግሥት የጤና መድን ሲሆን፣ በአገሪቱ ለአእምሮ ሕክምና ብዙ ገንዘብ በማውጣት ረገድ ከዚህ መድን የሚበልጥ ከፋይ የለም። የዛሬው ዝግጅት ይህ ገንዘብ «ማኔጅድ ኬር» በሚባለው አሠራር ውስጥ ሲያልፍ ምን እንደሚሆን፣ በእርግጥ ይቆጠባል ወይስ ከአንዱ መዝገብ ተሰርዞ በሌላው ይጻፋል የሚለውን ጥያቄ ይመረምራል። በዝግጅቱ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው።

ሜዲኬይድ በ1965 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በፈረሙት ሕግ የተቋቋመ ሲሆን፣ ወጪውን የፌዴራሉ መንግሥትና እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት በጋራ ይሸፍኑታል፤ የፌዴራሉ ድርሻ በመሠረቱ ከግማሽ አያንስም፣ ደሃ በሆኑት ክፍላተ ግዛት ደግሞ ከዚያ በጣም ከፍ ይላል። ሕጉ በወጣበት ዘመን የአእምሮ ሕሙማን ጉዳይ ለክፍላተ ግዛት የተተወ ሸክም ነበር፤ በ1955 ብቻ ክፍላተ ግዛት በሚያስተዳድሯቸው የአእምሮ ሆስፒታሎች ውስጥ ከ550,000 በላይ ሰዎች ተኝተው ነበር። የፌዴራሉ ምክር ቤት ይህን ከባድ ዕዳ ተረክቦ የፌዴራል ዕዳ ማድረግ ስላልፈለገ፣ ሜዲኬይድ በአእምሮ ሕክምና ተቋማት ለተኙ ዕድሜያቸው ከ65 በታች ለሆኑ ሕሙማን እንዳይከፍል ከለከለ። ክልከላው ዛሬም ዕድሜያቸው ከ21 እስከ 64 የሆኑትንና ከ16 በላይ አልጋ ባላቸው የአእምሮ ሕክምና ተቋማት የሚተኙትን ይመለከታል፤ ምንም እንኳ በኋላ የወጡ ደንቦችና ልዩ ፈቃዶች ቀዳዳ ቢከፍቱለትም።

የዚህ ክልከላ ውጤት በአእምሮ ሕክምና ወጪ ላይ የሚነሳውን ክርክር ሁሉ ለመረዳት ቁልፍ ነው። አንድ ታማሚ በክፍለ ግዛቱ ሆስፒታል ከተኛ ሙሉ ወጪውን የሚሸከመው ክፍለ ግዛቱ ነው፤ ያው ታማሚ በጠቅላላ ሆስፒታል የአእምሮ ክፍል ቢተኛ ወይም በአረጋውያን መጦሪያ ቢገባ ግን ከወጪው ቢያንስ ግማሹን ዋሽንግተን ይጋራል። እንግዲህ የክፍላተ ግዛት ባለሥልጣናት ታማሚውን ከአንዱ በር አስወጥተው በሌላው ቢያስገቡ ምንም ሳይታከም ወጪ «የቀነሰ» ይመስላል። ወጪን ማሻገር፣ ማለትም ያው ሸክም ሳይቀል ተሸካሚው ብቻ እንዲለወጥ ማድረግ፣ ማኔጅድ ኬር ከመምጣቱ በፊት የነበረ፣ ከሜዲኬይድ ጋር አብሮ የተወለደ ልማድ ነው።

ማኔጅድ ኬር ምን እንደሆነ ለመረዳት ከእርሱ በፊት የነበረውን አሠራር ማየት ይጠቅማል። በቀድሞው አሠራር ሐኪሙ ወይም ሆስፒታሉ ለሰጠው እያንዳንዱ አገልግሎት ሒሳብ ልኮ ይከፈለው ስለነበር፣ ብዙ የሠራ ብዙ ያገኛል፤ አላስፈላጊ የሆነ ሕክምናም ቢሆን ገቢ ነው። በማኔጅድ ኬር ግን መንግሥት ለአንድ ድርጅት በየወሩ ለእያንዳንዱ ተመዝጋቢ የተወሰነ ገንዘብ፣ ይኸውም የነፍስ ወከፍ ክፍያ ይሰጠዋል፤ ድርጅቱም በዚያ ገንዘብ የሚያስፈልገውን ሕክምና ሁሉ የማቅረብ ግዴታ ይገባል። ወጪው ከተሰጠው በታች ከሆነ ትርፉ የድርጅቱ ነው፤ ከበለጠም ኪሳራው የእርሱ ነው። ስለዚህም ድርጅቱ ሆስፒታል ከመተኛት በፊት ፈቃድ እንዲጠየቅ ያደርጋል፣ የትኞቹ ሐኪሞች በመረቡ ውስጥ እንደሚገቡ ይመርጣል፣ ከእነርሱም ጋር በዋጋ ይደራደራል፣ የተኛው ታማሚ የሚቆይበትን ቀን ይቆጥራል። ከ1997 የፌዴራል የበጀት ሕግ ወዲህ ክፍላተ ግዛት አብዛኛውን ተጠቃሚ ያለ ልዩ ፈቃድ በዚህ አሠራር እንዲመዘገብ ማስገደድ ስለቻሉ፣ ዛሬ ከሜዲኬይድ ተጠቃሚዎች ውስጥ ብዙኃኑ የሚታከሙት በማኔጅድ ኬር ድርጅቶች በኩል ነው።

ይህ ስሌት ለእግር ስብራት ወይም ለወሊድ ሲሠራ በመጠኑ ቀላል ነው፤ ስብራቱ መጠገኑ በራጅ ይታያልና። የአእምሮ ሕመም ግን እንዲህ አይደለም። በመጀመሪያ ደረጃ ወጪው በጥቂቶች ላይ የተከማቸ ነው፤ ከመቶ ተመዝጋቢዎች ውስጥ ስኪዞፍሬንያ ወይም ከባድ የባይፖላር ሕመም ያለባቸው ጥቂቶቹ የሌሎቹን ሁሉ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ገንዘብ ሊፈጁ ይችላሉ፤ ስለዚህም ድርጅቱ እነዚህን ጥቂቶች በዘዴ ቢያርቅ ሌሎቹን በማከም ከሚያገኘው የበለጠ ያተርፋል። ሁለተኛ፣ አንድ ሰው በሆስፒታል ሦስት ቀን ይበቃዋል ወይስ አሥር የሚለው ጥያቄ በላቦራቶሪ ውጤት ስለማይፈታ ለሐኪሙም ለከልካዩም ሰፊ የፍርድ ቦታ ይተዋል። ሦስተኛውና ምናልባትም ከሁሉ የከፋው፣ ሕክምናው የተቀነሰበት ታማሚ አብዛኛውን ጊዜ ስልክ ደውሎ፣ ደብዳቤ ጽፎ የሚሟገት አለመሆኑ ነው፤ ሕመሙ ራሱ አቤቱታውን ያፍነዋል።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ይሆናል ተብሎ የታሰበው «ካርቭ አውት» የሚባለው አሠራር ሲሆን፣ ትርጉሙም የአእምሮ ሕክምናን ከቀረው የጤና በጀት ነጥሎ በመውሰድ በዘርፉ ለተካነ ድርጅት በኮንትራት መስጠት ነው። የዚህ አሠራር ዋነኛ የሙከራ ሜዳ ማሳቹሴትስ ነበረች። ክፍለ ግዛቷ በ1992 የሜዲኬይድ ተጠቃሚዎቿን የአእምሮና የሱስ ሕክምና ነጥላ ለአንድ ለትርፍ የተቋቋመ የግል ድርጅት ሰጠች፤ በመጀመሪያው ዓመትም ወጪው አሠራሩ ባይለወጥ ኖሮ ሊደርስበት ከነበረው ግምት በ22 በመቶ እንዳነሰ አጥኚዎች አሰሉ። ቁጠባው በአመዛኙ የተገኘው ከሆስፒታል ነው፤ ሆስፒታል የሚተኛው ሰው ቁጥር ቀነሰ፣ የተኛውም ቶሎ ወጣ፣ ለአልጋው የሚከፈለውም ዋጋ በድርድር ወረደ። አገልግሎት የሚያገኘው ሰው ብዛት በጥቅሉ አለመቀነሱ ደግሞ ብዙዎችን አስደነቀ፤ ሌሎች ክፍላተ ግዛትም የማሳቹሴትስን ስም እየጠሩ ተከተሉ።

ይሁንና ያው ጥናት በልጆችና በታዳጊዎች ረገድ የተለየ ምልክት አሳይቶ ነበር፤ ከሆስፒታል ወጥተው ተመልሰው የሚገቡት ልጆች በመጠኑ ጨመሩ፣ የሚያክሟቸው ባለሙያዎችም ከቀድሞው ያነሰ እርካታ እንዳላቸው ተናገሩ። ይህን ምልክት ከ22 በመቶው አጠገብ አስቀምጦ ያነበበ ፖለቲከኛ ብዙ እንዳልነበረ መገመት አያዳግትም፤ መቶኛ በጋዜጣ ርዕስ ላይ ያምራል፣ የተመላለሰ ልጅ ግን ርዕስ አይሆንም።

ዩታ ከማሳቹሴትስ በፊት፣ በ1991፣ በሌላ መንገድ ሄደች። እዚያ የነፍስ ወከፍ ክፍያው የተሰጠው ለግል ኩባንያ ሳይሆን ለማኅበረሰብ የአእምሮ ጤና ማዕከላት ነበር፤ እነዚህም በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ዘመን በ1963 በወጣው ሕግ መነሻነት በአገሪቱ የተስፋፉ፣ ታማሚውን በሚኖርበት አካባቢ እንዲያክሙ የታሰቡ ተቋማት ናቸው። ስኪዞፍሬንያ ያለባቸውን ሰዎች ለዓመታት የተከታተለው ጥናት እንዳሳየው፣ ታማሚዎቹ በአማካይ ተሻሽለዋል፤ ነገር ግን መሻሻላቸው በቀድሞው አሠራር ከቀሩት አካባቢዎች ታማሚዎች ያነሰ ነበር። እዚህ ላይ የሚያሳስበው፣ ገንዘቡን የያዘው ትርፍ ፈላጊ ነጋዴ ሳይሆን የሕዝብ ማዕከል ሆኖ እያለ ውጤቱ እንዲህ መሆኑ ነው፤ የክፍያው ዓይነት ራሱ፣ ደግ ሰው ቢይዘውም፣ ወደ መቀነስ ይገፋል ማለት ነው።

ቴኔሲ ደግሞ ይህ አሠራር በጥድፊያ ሲተከል ምን ሊመጣ እንደሚችል ያሳየች ናት። ክፍለ ግዛቷ በ1994 ቴንኬር በሚል ስም መላውን ሜዲኬይድ ወደ ማኔጅድ ኬር ያዞረች ሲሆን፣ በ1996 አጋማሽ የአእምሮ ሕክምናውን ነጥላ ቴንኬር ፓርትነርስ ለተባለ ፕሮግራም አስረከበች። ስህተቱ የተፈጸመው በስሌቱ ላይ ነበር፤ ቀድሞ በጽኑ ለታመሙት የተመደበው ገንዘብ ለመላው ተመዝጋቢ ተበትኖ በነፍስ ወከፍ ሲታደል፣ ብዙ የሚያስፈልገው ሰውና ምንም የማያስፈልገው ሰው በአንድ መስፈሪያ ተሰፈሩ። ማዕከላቱ ገቢያቸው ተናጋ፣ ነባር ታማሚዎች ከሚያውቋቸው ባለሙያዎች ተለያዩ። የአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት በ1998 ስለዚህ ፕሮግራም ያወጣው ጽሑፍ በርዕሱ ላይ «ያልተሳካ» ብሎ ሰይሞታል፤ በ2003 የታተመ ሌላ ጥናትም ከለውጡ በኋላ ታማሚዎች የስኪዞፍሬንያ መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ የመውሰዳቸው ነገር እንደተዳከመ አረጋግጧል። ስኪዞፍሬንያ ያለበት ሰው መድኃኒት ሲያቋርጥ ሕመሙ ሊያገረሽበት የሚችልበት ዕድል ከፍተኛ ስለሆነ፣ ይህ የመድኃኒት መቋረጥ የቀጣዩ ዓመት የሆስፒታል ሒሳብ ነው።

የመድኃኒትን ጉዳይ በሚመለከት ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው ግን ከዚህ ሁሉ ቀደም ብሎ በትንሿ ኒው ሃምፕሻየር የተፈጸመው ነው። ክፍለ ግዛቷ በ1981 የሜዲኬይድን ወጪ ለመቀነስ አንድ ታማሚ በወር ከሦስት በላይ የመድኃኒት ማዘዣ እንዳይከፈልለት ወሰነች። ውሳኔው የቆየው 11 ወር ብቻ ሲሆን፣ በዚያው ጊዜ እንዲህ ያለ ገደብ ያልነበራት ኒው ጀርሲ ለማነጻጸሪያ ስላገለገለች፣ ተመራማሪዎች በአጋጣሚ የተገኘ የተጣራ ሙከራ አገኙ። ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው ሰዎች በገደቡ ምክንያት የአእምሮ መድኃኒታቸውን ቀነሱ፤ ለመድኃኒት የሚወጣው ገንዘብም እንደታሰበው ወረደ። በዚያው ልክ ግን ወደ አእምሮ ጤና ማዕከላት የሚመላለሱበት ብዛት፣ የድንገተኛ አገልግሎትና በቀን የሚሰጠው ተቋማዊ ሕክምና ጨመረ፤ በ1994 ታትሞ የወጣው ስሌት እንደሚያሳየው፣ በአንድ ታማሚ ላይ የተጨመረው የአእምሮ ሕክምና ወጪ በአማካይ 1,530 ዶላር ሲሆን፣ ይህም ከመድኃኒት ላይ ከዳነው ገንዘብ 17 እጥፍ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ላለው ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ላይ የወደቀው ነገር በቁጥር መለካቱ ነው። ገደቡ ሲነሳ የመድኃኒትና የአብዛኛው አገልግሎት አጠቃቀም ወደ ቀድሞው ተመለሰ።

እስካሁን የተነገረው በጤና ሒሳብ መዝገብ ውስጥ የሚታየውን ወጪ የሚመለከት ነው። ከመዝገቡ ውጭ ያለው ይበልጥ ያሳስባል። የፌዴራሉ ሕግ ሜዲኬይድ በእስር ቤት ላለ ሰው ሕክምና እንዳይከፍል ይከለክላል፤ ከክልከላው በዋናነት ነጻ የሚሆነው እስረኛው ከእስር ቤት ወጥቶ በሆስፒታል ሲተኛ ነው። ስለዚህ የታመመ ሰው በሕመሙ ምክንያት በጎዳና ላይ ሲረብሽ ተይዞ ሲታሰር፣ የመድን ድርጅቱ ወጪ በዚያው ቀን ይቆማል፤ ለምግቡ፣ ለጥበቃውና ለመድኃኒቱ የሚከፍለው እስር ቤቱን የሚያስተዳድረው ካውንቲ ይሆናል። በሲያትልና በዙሪያዋ ባለው ኪንግ ካውንቲ የአእምሮ ሕክምናው ወደ ማኔጅድ ኬር ከተዛወረ በኋላ የተካሄደ ጥናት ወጪ ወደ እስር ቤት መሻገሩን የሚያመለክት ውጤት አግኝቷል። በሎስ አንጀለስና በቺካጎ ያሉት የካውንቲ እስር ቤቶች በአገሪቱ ካሉት ትልልቅ የአእምሮ ሕሙማን መኖሪያዎች መካከል እስከመቆጠር የደረሱት በማኔጅድ ኬር ብቻ አይደለም፤ ሆስፒታሎቹ ሲዘጉ ምትክ አለመሠራቱ ዋናው ምክንያት ነው። ቢሆንም እስር ቤት ወጪ የሚጣልበት ሕጋዊ ቀዳዳ መሆኑን ሳያነሳ ስለ ቁጠባ የሚያወራ ሪፖርት ግማሽ ሪፖርት ነው። ሥራዋን ትታ ልጇን የምትጠብቅ እናት የምታጣው ደሞዝ ደግሞ በየትኛውም መዝገብ አይገባም።

ነጥሎ የማውጣት አሠራር ሌላም ስንጥቅ ፈጠረ። በ2006 የክፍላተ ግዛት የአእምሮ ጤና ኃላፊዎች ማኅበር ያወጣው ሪፖርት፣ በመንግሥት ሥርዓት የሚታከሙ ከባድ የአእምሮ ሕሙማን ከሌላው ሕዝብ በአማካይ 25 ዓመት ቀድመው እንደሚሞቱ ገልጾ ነበር፤ የሚሞቱትም በአመዛኙ በልብ ሕመም፣ በስኳርና በመሳሰሉት ነው። ከአእምሮ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ክብደት ይጨምራሉ፣ ስኳርንም ያባብሳሉ፤ ነገር ግን የአእምሮውን የሚከታተለው አንድ ድርጅት፣ የስኳሩን የሚከፍለው ሌላ ድርጅት ሲሆን፣ የመጀመሪያው ለሚያስከትለው ወጪ ሁለተኛው ይቀጣል፤ አንዱም የሌላውን ጉዳት ለመከላከል ገንዘብ የሚያወጣበት ምክንያት የለውም። ለዚህም ነው አሪዞና በ2014 ፊኒክስ በምትገኝበት በማሪኮፓ ካውንቲ ከባድ የአእምሮ ሕሙማንን አእምሮና አካል በአንድ ድርጅት ሥር መልሳ ያዋሐደችው፤ ኒው ዮርክም ከ2015 ጀምሮ ለእንዲህ ያሉ ታማሚዎች የተለየ የተዋሐደ ፕላን ያቋቋመችው።

ከዚህ ሁሉ ተነስቶ የቀድሞው፣ ጠባቂ የሌለው አሠራር ይሻላል ብሎ መደምደም ግን ስህተት ነው፤ አሪዞና ራሷ ለዚህ ምስክር ናት። በ2023 የክፍለ ግዛቷ ባለሥልጣናት ይፋ እንዳደረጉት፣ ከሱስ ማገገሚያ ቤቶች ጋር የተያያዙ አጭበርባሪዎች የአገሬው ተወላጅ ሕዝቦችን ዒላማ አድርገው፣ ላልተሰጠ ሕክምና ከሜዲኬይድ እጅግ ብዙ ገንዘብ ወስደዋል። ቀዳዳው የተገኘው በአብዛኛው ለእያንዳንዱ አገልግሎት ሒሳብ በሚከፈልበት፣ ተው ባይ በሌለበት የፕሮግራሙ ክፍል ነበር። ጠባቂ መኖሩ ዋጋ አለው፤ አለመኖሩም ዋጋ አለው።

የሚወስነው እንግዲህ ማኔጅድ ኬር የሚለው ስም ሳይሆን በኮንትራቱ ላይ የተጻፈው ነው፤ ክፍያው በሕመሙ ክብደት ይለያያል ወይስ አይለያይም፣ የመድኃኒቱን ወጪ ማን ይሸከማል፣ ታማሚው ቢታሰር ወይም ቤት አልባ ቢሆን ድርጅቱ ይጠየቃል ወይስ ይገላገላል የሚሉት አንቀጾች ናቸው። የፌዴራሉ መንግሥት በ2016 ባወጣው ደንብ የነፍስ ወከፍ ተመን ሲሰላ ከእያንዳንዱ ዶላር ቢያንስ 85 ሳንቲሙ ለሕክምናና ጥራቱን ለማሻሻል እንዲውል መለኪያ አስቀምጧል፤ በዚያው ዓመትም የአእምሮ ሕክምና ከአካል ሕክምና የበለጠ ገደብ እንዳይጣልበት የሚያዘው የ2008 የእኩልነት ሕግ በሜዲኬይድ ማኔጅድ ኬር ላይ የሚሠራበትን ዝርዝር ወስኗል። እነዚህ ጥሩ ናቸው፤ ሆኖም 85 ሳንቲሙ ለሕክምና መዋሉን እንጂ ለጽኑ ታማሚው መድረሱን አይናገሩም።

ይህ ጉዳይ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ሩቅ አይደለም። ሜሪላንድ በ1997 ሜዲኬይዷን ወደ ማኔጅድ ኬር ስታዞር ልዩ የአእምሮ ሕክምናን ነጥላ አስቀረች፤ ሒሳቡን የሚያስተናግድ ኮንትራክተር ብቻ ቀጠረችለት። በ2020 መጀመሪያ አዲስ ኮንትራክተር ሥራውን ሲረከብ የክፍያ ሥርዓቱ ወዲያው በመበላሸቱ ክሊኒኮች ለወራት በግምት ሲከፈላቸው ቆዩ፤ ይህም የአስተዳደር ብልሽት ራሱን የቻለ ወጪ መሆኑን አሳየ። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ቨርጂኒያ የሚኖር ዘመድ ግን የአእምሮ ሕክምናው እዚያው የማኔጅድ ኬር ፕላኑ ውስጥ ስለሆነ፣ ፈቃድ የሚጠይቀውም አቤት የሚለውም ሌላ ቦታ ነው። ቤተሰብ ከአንዱ ወደ ሌላው ቤት ሲቀይር ይህን ልዩነት አስቀድሞ ቢያጣራ ከብዙ እንግልት ይድናል።

አስታማሚዎች ሊያውቋቸው የሚገቡ ጥቂት የፌዴራል ደንቦችም አሉ። የሜዲኬይድ ገንዘብ የሚቀበል ድርጅት አማርኛ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ ስላለበት፣ ልጅን ለእናቷ ሕመም አስተርጓሚ ማድረግ አያስፈልግም። የማኔጅድ ኬር ድርጅት ሕክምና ሲከለክል ወይም ሲቀንስ ምክንያቱን በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ ማስታወቂያው በተጻፈ በ60 ቀን ውስጥ ለድርጅቱ ይግባኝ ማቅረብ ይቻላል፣ ድርጅቱም በ30 ቀን፣ ጉዳዩ አስቸኳይ ከሆነ ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ውሳኔ መስጠት ይኖርበታል፤ በውሳኔው ያልረካ ተጠቃሚ በክፍለ ግዛቱ ችሎት መሰማት መብቱ ነው። ቀድሞ የተፈቀደ ሕክምና ሊቋረጥ ሲል ግን የሚቆጠሩት ቀናት ያነሱ ናቸው፤ ይግባኙ እስኪወሰን ድረስ ሕክምናው እንዲቀጥል ጥያቄው መግባት ያለበት፣ ማቋረጡ ገና ሥራ ላይ ያልዋለ ካልሆነ በቀር፣ ማስታወቂያው በተላከ በ10 ቀን ውስጥ ነው።